ቀረፋ የጠጣ ፖም በስሎው ኩከር፦ ቁራጩ ሳይፈርስ ማለስለስ

በስሎው ኩከር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ቀስ ብሎ በሚያበስል ድስት፣ የሚሠራ የቀረፋ ፖም ቀላል ምግብ ነው ይባላል። እውነትም ቀላል ነው። ሆኖም ብዙ ጊዜ ክዳኑ ሲከፈት የሚገኘው ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ቁራጭ የሚባል ነገር የማይታይበት ቡናማ ገንፎ፣ ወይ ቀጭን ጣፋጭ ውኃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ፍሬ። ሁለቱም ይበላሉ፣ የተፈለጉት ግን እነሱ አልነበሩም። የሚፈለገው በሹካ ሲነሳ የማይበጠስ፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ማኘክ የማይፈልግ ቁራጭ፣ ዙሪያውን ደግሞ ማንኪያ ላይ የሚቀር ወፈር ያለ ሽሮፕ ነው። እዚያ የሚያደርሰው የፖሙ ዓይነት፣ የአቆራረጡ ውፍረትና በሰዓቱ ማጥፋት ነው። ቅመሙ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል።

በቅድሚያ ስለ ማሽኑ። በአብዛኞቹ ስሎው ኩከሮች የሙቀቱ ሽቦ የሸክላውን ድስት ጎን ከብቦ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ ግድግዳውን የነካው ቁራጭ መሃል ካለው ቀድሞ ይበስላል። ሎው (ዝቅተኛ) እና ሃይ (ከፍተኛ) የሚሉት ምልክቶች ሁለት የተለያዩ ሙቀቶች ይመስላሉ፤ በአብዛኞቹ ማሽኖች ላይ ግን ሁለቱም በመጨረሻ የሚደርሱት ውኃ ሊፈላ ትንሽ ወደቀረው ያው ሙቀት ነው። የሚለያዩት በመድረሻቸው ፍጥነት ነው።

ለፖም ደግሞ ይህ ፍጥነት ብዙ ነገር ይወስናል። የፍሬውን ሥጋ አጣብቆ የያዘው ፔክቲን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ ሲቆይ ፔክቲኑ መፍታታት ይጀምራል፤ ፍሬው የሚለሰልሰው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ባለው መካከል፣ ፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም ፔክቲኑን ይለውጠውና እዚያው ፍሬው ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር እንዲተሳሰር ያደርገዋል። እንዲህ የተሳሰረ ፔክቲን ኋላ ሙቀቱ ሲጨምር ቶሎ እጅ አይሰጥም። ሎው ላይ ያለ ድስት ይህን ክልል ቀስ ብሎ ያልፈዋል፣ ሃይ ላይ ያለው ግን ሮጦ ይሻገረዋል። ጊዜ ካለ እንግዲህ ሎው ላይ ማብሰል ነው፤ በዚህ ላይ እኔ አላመነታም። ሃይ ለቸኮለ ቀን ይሁን፣ ያን ቀን ደግሞ ጠንካራ ፖም ይመረጥ።

ማሽኖች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ ሎው ላይ ሆኖ እንኳ ይንተከተካል። የራስን ማሽን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ፦ ድስቱን እስከ ግማሹ ወይም ትንሽ አልፎ ውኃ ሞልቶ ሎው ላይ ለ8 ሰዓት መተው፣ ከዚያ ክዳኑ እንደተከፈተ ወዲያው በቴርሞሜትር መለካት። ከ85 እስከ 93 ዲግሪ ካነበበ ማሽኑ ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ከታች የምሰጠውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ቀንሱለት።

ወደ ፖሙ እንምጣ፤ የምግቡ ግማሽ የሚወሰነው እዚህ ነው። ጥሬውን ሲበሉት የሚጣፍጥ ፖም ሁሉ ለማብሰል አይሆንም። ሬድ ዴሊሺየስ ሲበስል ሥጋው ዱቄት ዱቄት ይላል፣ ጣዕሙም ይጠፋል። ማኪንቶሽ ሽታው ያስጎመጃል፣ ነገር ግን ሙቀት እንደነካው ይፈርሳል። ብራምሊ የሚባለው ጎምዛዛ የማብሰያ ፖም አረፋ እስኪመስል ስለሚላላ ለፖም ድልህ እንጂ ለቁራጭ አይመረጥም። ቅርጽ ከሚይዙት ውስጥ ግራኒ ስሚዝ ቀዳሚ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ አሲዱም ብዙ ነው። አሲድ ፔክቲኑ ቶሎ እንዳይፈታ ስለሚያግዝ ጎምዛዛ ፖም በአብዛኛው ጠንክሮ ይቆያል። ፒንክ ሌዲ፣ ብሬበርንና ሃኒክሪስፕም ያስተማምናሉ። ጎልደን ዴሊሺየስ መሃል ላይ ነው፤ ጣዕሙ የማር ያህል ለስላሳ ነው፣ የሚቋቋመው ጊዜ ግን አጭር ነው። ጋላና ፉጂ ይሆናሉ፣ ሆኖም ጣፋጭ ስለሆኑ ስኳሩን ቀንሶ ሎሚውን መጨመር ያስፈልጋል።

ሁለት ዓይነት መቀላቀል ይወደዳል፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ሁለቱ በጥንካሬ ተቀራራቢ ከሆኑ ብቻ። ግማሽ ግራኒ ስሚዝ ከግማሽ ፒንክ ሌዲ ጋር ጥሩ ስምም ነው፣ ጎምዛዛውና ጣፋጩ እዚያው ይተራረማሉ። ግራኒ ስሚዝን ከማኪንቶሽ ጋር የቀላቀለ ሰው ግን አንዱ ሳይበስል ሌላው ሲፈርስ ያያል። ከዓይነቱ እኩል ደግሞ ዕድሜውን ተመልከቱ። ብዙ ወር የተከማቸ ፖም ከውጭ ቢያብረቀርቅም ውስጡ ላልቷል። ልጡ ጨምደድ ያለ፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ሰርጎድ የሚል፣ ሲቆረጥ ቀጭ የሚል ድምፅ የማይሰጥ ፖም ምንም ዓይነት ቢሆን ሲበስል ቅርጹን አይይዝም።

መጠኑ እንዲህ ነው፤ ከ3.5 እስከ 4 ሊትር ለሚይዝ ማሽን የተመዘነ ነው። 1.5 ኪሎ ፖም፣ ማለትም መካከለኛ ከሆነ 8 ፍሬ ገደማ፤ ተልጦ ዘሩ ሲወጣ ወደ 1.2 ኪሎ ይወርዳል። 100 ግራም ቡናማ ስኳር። 2 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ፣ ካለ ደግሞ 1 ያልተፈጨ የቀረፋ እንጨት። ሩብ የሻይ ማንኪያ ገውዝ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ 60 ሚሊ ሊትር ውኃ ወይም የፖም ጭማቂ። ለመጨረሻው 40 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቫኒላ፣ እንዲሁም 1 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በ2 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውኃ የተበጠበጠ። ቅርንፉድ የሚወድ ሰው ሁለት ሦስት ፍሬ ይጣል፣ ተፈጭቶ ከሆነ ግን በቢላ ጫፍ ያህል ይብቃው፤ ረጅም ሰዓት የቆየ ቅርንፉድ ቀረፋውን ይውጠዋል፣ ምላስንም ያደነዝዛል።

60 ሚሊ ሊትር ውኃ ለአንድ ኪሎ ተኩል ፖም በጣም ትንሽ ይመስላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ፖም 85 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው፤ ስኳር ሲነካው ውኃውን ወደ ውጭ ይስባል፣ ሙቀቱ ደግሞ የቀረውን ያወጣል። ስሎው ኩከር ላይ ክዳኑ እንፋሎቱን መልሶ ስለሚያንጠባጥበው የወጣው ሁሉ እዚያው ይቀራል። የምንጨምረው ውኃ ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ የፍሬው ጭማቂ እስኪወጣ ባለው የመጀመሪያ ሰዓት ስኳሩ የድስቱ ግድግዳ ላይ እንዳያር መጠበቅ። አንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ የሚያዙ መመሪያዎች መጨረሻ ላይ ቀጭን ሾርባ የሚያስታቅፉት ለዚህ ነው።

ልጡ ይነሳ። ልጥ እንደ ሥጋው አይለሰልስም፤ ሲበስል ከቁራጩ ይላቀቅና ተጠቅልሎ ሽሮፑ ውስጥ ይቀራል፣ ሲበላም ጥርስ ላይ ይቆያል። ፖሙን አራት ቦታ ሰንጥቆ የዘሩን ቤት ማውጣት፣ በተለይ ዘሩን ያቀፈውን ጠንካራና ብርሃን የሚያሳልፍ ሽፋን ጠርጎ ማንሳት ያስፈልጋል፤ እሱ ቢበስልም ቢሰነብትም አይለሰልስም። ከዚያ እያንዳንዱን ሩብ ጠንካራ ፖም ከሆነ ለ3፣ ለስለስ ያለ ከሆነ ለ2 መክፈል። ጠንካራው ጀርባው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ለስላሳው 3 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ግማሽ ሳንቲ ሜትር አድርጎ በስሱ መክተፍ ለመጋገሪያ ይሆናል፣ ለዚህ ግን አይሆንም፤ ሽሮፑ ሳይወጣ ቁራጩ ያልቃል። ከሁሉም በላይ እኩል ይሁን። መጠኑ የተዘበራረቀ ፖም የተዘበራረቀ ብስለት ነው የሚሰጠው፣ ያንን ደግሞ ኋላ ማስተካከያ የለውም።

የተላጠ ፖም ከአየር ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። እያንዳንዱ ፍሬ እንደተቆረጠ ሎሚው ባለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገብቶ አንዴ ቢገላበጥ መጥቆሩ ይዘገያል። ከተጠቆረም አይጣል፤ ቀረፋውና ቡናማው ስኳር ስለሚሸፍኑት በመጨረሻው ቀለም ላይ አይታወቅም። ሎሚው የሚገባው ይልቅ ለጣዕሙና ቁራጩ ቅርጹን እንዲይዝ ነው።

አሁን ቀረፋው። ገበያ ላይ ቀረፋ ተብለው የሚሸጡት በዋናነት ሁለት ናቸው፦ ካሲያና የሲሎን ቀረፋ። ካሲያው እንጨቱ ወፍራምና ጠንካራ ነው፣ አንድ ንጣፍ ብቻ ሆኖ ከሁለት ጎን ወደ ውስጥ ይጠቀለላል፣ በእጅ መስበር ይቸግራል፤ ሽታው ኃይለኛ፣ ጣዕሙ የሚያቃጥል ነው። የሲሎኑ ብዙ ስስ ንጣፍ ተደራርቦ የተጠቀለለ ነው፣ በጣት ሲጫኑት ይፈረፈራል፣ ጣዕሙም ለዘብ ያለ ነው። ለረጅም ሰዓት ብስለት የካሲያ ጉልበት ይመቻል፤ ለስላሳ ጣዕም የሚወድ ሲሎኑን ይውሰድ፣ መጠኑን ግን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይጨምርበት። ይህን ምግብ በየቀኑ የሚበላ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ ካሲያ ውስጥ ኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፣ ሲበዛ ጉበትን ይጎዳል። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በቀን የሚፈቀደውን መጠን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.1 ሚሊ ግራም ብሎ ወስኖታል። ሲሎን ቀረፋ ውስጥ ያለው ኩማሪን እጅግ ትንሽ ስለሆነ ለየቀኑ ተመጋቢ፣ በተለይ ለልጆች፣ እሱ ይሻላል።

የተፈጨ ቀረፋ ሁለት አመል አለው። አንደኛው ውኃ ላይ ሲበተን ተንሳፍፎ ይጓጉላል። ፈሳሹ ላይ በቀጥታ የተነሰነሰ ቀረፋ መጨረሻ ላይ ጥቁር ቋጠሮ ሆኖ አንዱ ቁራጭ ላይ ተለጥፎ ይገኛል፣ ሌላው ቁራጭ ባዶውን ይቀራል። መፍትሔው ቀረፋውን፣ ገውዙንና ጨውን ከስኳሩ ጋር በደረቁ በደንብ ማሸት ነው፤ የስኳሩ ጠጠሮች ዱቄቱን ለያይተው ይይዙታል፣ ስኳሩ ሲሟሟ ቀረፋውም አብሮ ይዳረሳል። ሁለተኛው አመሉ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ እንደ ተልባ መዝለግለጉ ነው። በ2 የሻይ ማንኪያ ላይ ይህ አይጎዳም፣ እንዲያውም ሽሮፑን ያወፍራል። ለጣዕም ብሎ 2 የሾርባ ማንኪያ የጨመረ ሰው ግን የሚሟልጭ ሽሮፕ ያገኛል። ጠንከር ያለ የቀረፋ ጣዕም የሚፈልግ ዱቄቱን ከማብዛት ይልቅ እንጨት ይጨምር፤ እንጨቱ ጣዕሙን ቀስ እያለ ይለቃል፣ አያዝለገልግም፣ ሲያልቅም ተለቅሞ ይወጣል። ሌላው ዘዴ ከ2ቱ ማንኪያ ሩቡን አስቀርቶ መጨረሻ ላይ ከቅቤው ጋር ማስገባት ነው። የቀረፋ ሽታ በሰዓታት ብዛት ይደክማልና ያ የመጨረሻ ቁንጣሪ እንደገና ያነቃዋል።

አሠራሩ አጭር ነው። የድስቱን ውስጥ በስሱ ቅቤ መቀባት። ሎሚ የነካውን ፖም በስኳርና በቅመሙ ማሸት፣ ወደ ድስቱ መገልበጥ፣ ሳህኑ ሥር የቀረውን ጭማቂ ጠርጎ መጨመር። የቀረፋውን እንጨት መሃል ላይ መሸጎጥ፣ ውኃውን በጎን በኩል ማፍሰስ፤ ከላይ ከፈሰሰ ቅመሙን አጥቦ ሥር ያወርደዋል። መክደን፣ ሎው ላይ ማድረግ። ድስቱ ከግማሹ በላይ ከሦስት አራተኛው በታች ሲሞላ ነው በትክክል የሚያበስለው። 6 ሊትር በሚይዝ ማሽን ውስጥ ይህንኑ መጠን ያስገባ ሰው ፖሙ ሥሩ ላይ ስለሚሳሳ አንድ ሰዓት ያህል ቀድሞ እንደሚደርስ ይወቅ።

ጠቅላላው ጊዜ ሎው ላይ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ነው፣ ሃይ ላይ ከ1 ሰዓት ከሩብ እስከ 2 ሰዓት። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር የተጠራቀመው ሙቀት ይወጣና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያህል ይባክናል፤ ስለዚህ ከመፈተሹ በፊት አንዴ ብቻ፣ ሎው ላይ ከሆነ በ1 ሰዓት ተኩሉ፣ ተከፍቶ ይገላበጥ። ሲገላበጥም ማንኪያውን ዳር ዳር ከግድግዳው ሥር አስገብቶ ወደ መሃል ማንሳት ነው እንጂ ማማሰል አይደለም። ዳር የነበረው መሃል ይገባል፣ መሃል የነበረው ዳር ይወጣል። ከዚህ በኋላ ፖሙ ማንኪያ አይችልም።

ሎው ላይ ከሆነ በ2 ሰዓት ከሩብ መፈተሽ ይጀመራል። ዓይን የሚያየው ነገር አለ፦ ጥሬው ቁራጭ ነጭና ድፍን ነው፤ ሲበስል ከዳሩ ጀምሮ ብርሃን ወደ ማሳለፍ ይሄዳል፣ ምክንያቱም ከፖም መጠን ሩብ ያህሉ አየር ስለሆነ ሙቀቱ ያን አየር አስወጥቶ ቦታውን ጭማቂ ይሞላዋል። ዳሩ ሁሉ እንዲህ ሆኖ መሃሉ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ብቻ ሲቀር ሰዓቱ ደርሷል ማለት ነው። የቢላ ጫፍ ያለ ግፊት ይገባል፣ መሃሉ ላይ ሲደርስ ግን በስሱ ይይዛል። የሚጠፋው ያን ጊዜ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ሲለሰልስ አይደለም። የሸክላው ድስት ሙቀቱን ስለሚያቆይ ከጠፋም በኋላ ለ15 እና 20 ደቂቃ ማብሰሉን ይቀጥላል፤ ያቺ ነጭ መስመር የምትጠፋው በዚያ ውስጥ ነው። ፖም ላይ የሚያጋጥመው ጥፋት ሁሉ ማለት ይቻላል ይህንን 20 ደቂቃ ካለመቁጠር ይመጣል።

ሽሮፑን ለማወፈር ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ስታርቹ ነው። የበቆሎ ስታርች ወፍሮ የሚይዘው ሙቀቱ ወደ 90 ዲግሪ ሲጠጋ ነው፤ ከመጀመሪያው የገባ ስታርች ደግሞ በረጅም ሙቀትና በሎሚው አሲድ ተሰባብሮ መልሶ ይቀጥናል። ስለዚህ ሊጠፋ 20 ደቂቃ ሲቀረው ማሽኑን ሃይ ላይ አድርጎ በቀዝቃዛ ውኃ የተበጠበጠውን ማፍሰስ፣ ድስቱን በማወዛወዝ ወይም በማንኪያ ጀርባ በቀስታ ማዳረስ። ጥሬ ዱቄቱን በቀጥታ የበተነ ይጓጉልበታል። ሁለተኛው መንገድ፣ እኔ የማስበልጠው፣ ፖሙን በቀዳዳ ማንኪያ አውጥቶ ሽሮፑን ብቻ በትንሽ ድስት ምድጃ ላይ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ማንተክተክ ነው። ተጨማሪ ዕቃ ያቆሽሻል፣ ግን ፍሬው ተጨማሪ ሙቀት አያገኝም፣ ሽሮፑም የራሱን የፖም ጣዕም አጠንክሮ ያጠራል። ስታርች ያን አያደርግም፣ ያወፍራል እንጂ።

ቅቤውና ቫኒላው የሚገቡት ከጠፋ በኋላ ነው። ከመጀመሪያ የገባ ቅቤ ቀልጦ ከላይ ይንሳፈፋል፤ በትኩሱ ሽሮፕ ላይ በትንሽ በትንሹ ሲገባ ግን ይዋሃዳል፣ ያብረቀርቃልም። ከዚያ መቅመስ። ጣፋጭነቱ ብቻ ከተሰማና ጣዕሙ ከደበዘዘ የጎደለው ስኳር አይደለም፤ ሌላ 1 የሻይ ማንኪያ ሎሚና ቁንጥር ጨው ያቃናዋል።

ካልሆነስ? ውኃ የበዛበት በላይ ባለው መንገድ ይድናል። ክዳኑን በእንጨት ማንኪያ አዘንብሎ እንፋሎቱን ማስወጣትም ይሠራል፣ ቀርፋፋ ስለሆነ ግን ፍሬው ሲጠብቅ ይላማል። የላመው ደግሞ ተመልሶ ቁራጭ አይሆንም፤ እንጨቱን አውጥቶ፣ ክዳኑን አዘንብሎ አንድ ሁለት ሰዓት በማቆየትና አልፎ አልፎ በማማሰል ዳቦ ላይ የሚቀባ ጥሩ የፖም ድልህ ማድረግ ይቻላል። መራራ ጣዕም ከመጣ ግድግዳው ላይ ያረረ ስኳርና ቀረፋ ነው፤ ያንን ሳይፍቁ መሃሉን ብቻ ወደ ሌላ ዕቃ ማዛወር ያድነዋል። በረዶ የሆነ የተከተፈ ፖም በዚህ አሠራር አልመክርም፤ በረዶው የፍሬውን ሕዋስ አስቀድሞ ሰብሮታልና ገና ሲሞቅ ይፈርሳል።

መጠኑን እጥፍ ማድረግ ለሚፈልግ፦ ፖሙና ስኳሩ እጥፍ ይሁን፣ ቀረፋው አንድ ጊዜ ተኩል ይብቃው፣ ውኃው እንዳለ ይቆይ፣ ጊዜው ላይ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ይጨመር፣ መገላበጡም ሁለት ጊዜ ይሁን።

የተረፈው በሸክላው ድስት ውስጥ አይደር። በ2 ሰዓት ውስጥ ጎኑ ሰፋ ወዳለ ጥልቀት የሌለው ዕቃ ተገልብጦ ከ4 ዲግሪ በታች ወደሆነ ፍሪጅ ይግባ፤ 4 ቀን ያህል ይቆያል። በስታርች የወፈረ ሽሮፕ በረዶ ሆኖ ሲቀልጥ ውኃ ይለቃል፣ ስለዚህ ለማቀዝቀዣ የታሰበው ስታርች ሳይገባበት ይቀነስ። ለማሞቅ ምድጃ ወይም ማይክሮዌቭ ነው፤ ስሎው ኩከር ቀዝቃዛ ምግብን ቀስ ብሎ ስለሚያሞቅ ባክቴሪያ በሚራባበት ሙቀት ላይ ብዙ ያቆየዋል። እንግዳ ሲኖር ትኩስ አድርጎ ለማቆየት ከሆነ መጀመሪያ ምድጃ ላይ በደንብ ይሙቅ፣ ከዚያ ወደ ማሽኑ ተገልብጦ ዋርም (ሙቀት ማቆያው) ላይ ከ60 ዲግሪ በላይ ይቆይ፤ ከ1 ሰዓት ግን አይለፍ፣ ዋርምም ቢሆን ያበስላልና። ባዶው ድስት ላይ የተጣበቀው ሽሮፕ በሙቅ ውኃ ግማሽ ሰዓት ከተነከረ በራሱ ይለቃል፤ ሸክላው ገና ትኩስ ሳለ ቀዝቃዛ ውኃ አይፍሰስበት፣ ይሰነጠቃል።